ለንባብ ሳምንትና ለግንቦቱ የቤተሰብ ቀን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት (ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.)

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ኅዳር 8

የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን የወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር አባላት፣ በቅዳሜው ስብሰባ እንደሰማችሁት፣ ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ማኅበሩ በየወሩ አንድ አንድ ጥያቄ ይዞ ከሚመላለስ የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ዝግጅቶች በአንድ ጽሑፍ አጠቃልሎ እንዲያቀርብ ጠይቀዋል። ጽሑፉ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደርና ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) የሚገባው ሰኞ ኅዳር 22 ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ አባል ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲሰጥና እኔም ረቂቁን እያቃናሁ እንድሄድ ተስማምተናል።

ለመነሻ የሚሆነው ረቂቅ ሁለት ዝግጅቶችን ይዟል። አንደኛው በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት የሚደረግ የንባብ ሳምንት ሲሆን፣ ሁለተኛው ግንቦት 1 ቀን የሚውል የቤተሰብ ቀን ነው። ወጪው እንደ ዓምናው በካናቴራ ሽያጭ ይሸፈናል ይላል። ረቂቁ የቸኮለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳትሳቀቁ አርሙት።

ሐጂ (የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አያት)፣ ኅዳር 8

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ ጸሐፊው፣ የካቲት ያልከው እኔን አልተመቸኝም። ዘንድሮ ሁዳዴ የሚገባው ሰኞ የካቲት 9 ነው፤ ረመዷንም ጨረቃዋ ከታየች የካቲት 11 ገደማ ይገባል። ሁለቱ ጾሞች ተከታትለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው። ጾም ማንበብን አይከለክልም፣ እንዲያውም የንባብ ወር ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ የሚዛባበት ነው። የልጄ ልጅ ዓምና ማንም ሳያስገድዳት ከእኛ ጋር ለሱሁር እየተነሣች ትጾም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ላይ ዴስኳ ላይ ተኝታ አገኟትና አስተማሪዋ ደብተሯን ከጉንጯ ሥር በቀስታ ስባ እንዳወጣችላት ነገረችን። እንዲህ ላለች ልጅ በዚያ ሳምንት ቆመሽ አንብቢ ማለት ልክ አይመስለኝም።

ዒዱ መጋቢት 11 አካባቢ፣ ዓርብ ላይ ይውላል። ስለዚህ የንባቡ ሳምንት ከሰኞ መጋቢት 14 እስከ ዓርብ መጋቢት 18 ቢሆን መልካም ነው። ክርስቲያኖቹ ልጆች ያን ጊዜ በሁዳዴ ውስጥ ቢሆኑም፣ ከለመዱት በኋላ ስለሆነና በዝግጅቱም የሚበላ ነገር ስለሌለ የሚቸግር አይሆንም ብዬ አስባለሁ። እነርሱ ግን ራሳቸው ይናገሩ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት (ቧንቧ ውኃ)፣ ኅዳር 9

ሐጂ ባቀረቡት እስማማለሁ፤ ለእኛም በሁዳዴ መካከል መሆኑ አይከብደንም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወላጆች ክፍል ገብተው የሚያነቡበት ቀን ሰኞ እንዳይሆን እለምናለሁ፤ ከእኛ ሰፈር እናቶች ብዙዎቹ ሰኞን ሰኞ ገበያ ነው የሚውሉት። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቢሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰርቀን እንመጣለን።

ስለ ግንቦት 1 ደግሞ ልበል። ዕለቱ ልደታ ነው፤ ዘንድሮም ቅዳሜ ላይ ስለዋለ የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን የልደታ ዕለት እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅልበት ቀን ነው። ጎረቤቶቼ ደጄ ላይ ተሰብስበው እኔ ትምህርት ቤት ብገኝ ዓመቱን ሙሉ የሚነሣብኝ ወቀሳ ይሆናል። ከልደታው በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ይሁንልን።

ስለ ካናቴራው የምለው አለኝ፤ ነገር ግን ጋሼ ሒሳብ ያዡ የዓምናውን ሒሳብ ካቀረቡልን በኋላ እጽፋለሁ።

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኅዳር 10

ለምን የንባብ ሳምንት እንደሚያስፈልግ በረቂቁ ውስጥ አንድ መስመር አለመኖሩ ቅር አሰኝቶኛል። ሲስተር ምክንያቱን ያውቁታል፤ ወረቀቱን የሚያነቡ ሌሎች ግን ላያውቁት ይችላሉና እኔ እጽፈዋለሁ።

ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል የሆኑት ልጆች በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ነበሩ። በዚያ ዓመት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ከተማችን በጦርነት ውስጥ ነበረች። ቤተሰብ ተበትኖ፣ ገሚሱ በእግሩ ወደ ገጠር ወጥቶ፣ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው እስኪመለሱ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ዲቃላ ፊደሎቹ የሚጸኑበት ጊዜ ነው። በበጎ ፈቃድ ሳስነብባቸው የማየው ይህንኑ ነው፤ ልጁ «ሰም» ብሎ ይጀምርና «ቷ» ላይ ሲደርስ ጣቱን ፊደሉ ላይ እንደጫነ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከዚያ በግምት «ሰምቶ» ብሎ ያልፋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ፊደሉን ከሰው አፍ ተቀብሎ ለመድገም ጊዜ ስላላገኘ ነው። ከሰባት ወር በኋላ ይኸው ልጅ ለክልላዊ ፈተና ይቀመጣል።

ስለዚህ በፍጥነት ለሚያነብ ሽልማት የሚለው ከረቂቁ ይውጣልኝ። ሽልማቱን የሚወስዱት የሚያነቡት ናቸው፤ የማያነቡት ደግሞ በሕዝብ ፊት ይዋረዳሉ። በምትኩ እያንዳንዱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይያዝና በየቀኑ ሃያ ደቂቃ አንድ መጽሐፍ ያንብብለት። ትልቁ ልጅ ለትንሹ ሲያነብ አያፍርም፤ ለማስተማር ሲል ደግሞ ማታ ቤቱ ሆኖ ይለማመዳል። ይህን ለሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ያየሁት ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ዕለት አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ሄደው እንዲያዩ እጠይቃለሁ። በእግር የሚደረስ ነው፣ አውቶቡስ አያስፈልገውም። ልጆቻችን በደጁ ያልፋሉ እንጂ ስሙ ማንም ሳይጠየፍ በአንድነት ግብር ይበላበት ስለነበር እንደወጣ የሚነገረውን አያውቁም። አይተው ሲመለሱ አንድ አንድ ገጽ ይጻፉ።

የቀድሞ ተማሪ (ኮምቦልቻ)፣ ኅዳር 11

የተከበራችሁ ወላጆቼና መምህሮቼ፣ እኔና አብረውኝ የተማሩ ሰባት ልጆች ኮምቦልቻ ነው የምንሠራው፣ አብዛኞቻችን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መኪናው በእግር እንደሚሄድ ሰው ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ግንቦት 8 የተባለው ቢጸና፣ መርሐ ግብሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ባይጀመር እንደርሳለን።

ስለ ወጪው አንድ ሐሳብ ነበረኝ። እዚህ ኮምቦልቻ ያለውን የቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር እንዲሆነን ብንጠይቅ ድንኳንም ወንበርም ይሰጠናል። ደግሞም ፋሲካ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ግብዣ እንደመሆኑ አንድ በሬ ቢታረድ አይበዛም።

ሐጂ፣ ኅዳር 11

ልጄ፣ ደግነትህን አይቻለሁ። የቢራውን ነገር ግን በልጆች ትምህርት ቤት ደጅ አታንሣብን፤ ሲስተርም የሚፈቅዱት አይመስለኝም።

የወተመህ ተወካይ፣ ኅዳር 12

በሬውን በተመለከተ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ያልነበራችሁ እንድታውቁት ልጻፈው። በወሎ ደንብ ለእንግዳ አክብሮት ሲባል ሁለት ይታረዳል፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለሙስሊም። እኛም እንዲሁ አደረግን፣ ሁለት ድንኳንም ተከልን። ደንቡ የመከባበር ደንብ ነው፣ በሠርግም በሐዘንም እንኖርበታለን፣ እኔም አልነቅፈውም። የልጆቹ ነገር ግን ያልታሰበ ሆነ። አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት የአራተኛ ክፍል ሴት ልጆች ሳህናቸውን ይዘው በሁለቱ ድንኳኖች መካከል ቆመው፣ አንዷ ወደ ግራ አንዷ ወደ ቀኝ ሳትሄድ፣ ምግቡ እስኪበርድ ድረስ እንዲያው ተያይዘው ቆሙ። በኋላ ሁለቱም ሳይበሉ ዳቦ ብቻ ተካፍለው ወደ ሜዳው ሄዱ። ወጪውም ሁለት እጥፍ ነበር። ስለዚህ ሥጋ የሚባል ነገር በሜዳው ላይ ባይቀርብ፣ ድፎ ዳቦ፣ ንፍሮና ቡና ቢሆን ሁሉም በአንድ ድንኳን ይቀመጣል።

ሌላው ጉዳይ የጸሎቱ ነው። ትምህርት ቤታችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንደመሆኑ በቤተሰብ ቀን ቅዳሴ መኖሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ማንም እንዲቀር አልጠየቀም። ነገር ግን የዓምናው መርሐ ግብር ቅዳሴውን ከሰልፉና ከመዝሙሩ መካከል ስላስገባው፣ አንዳንድ ወላጆች መውጣትም መቆየትም እየከበዳቸው ግራ ተጋብተው ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል፤ ሲስተር ራሳቸው ይህንን ደጋግመው ያስታውሱናል። ስለዚህ ቅዳሴው ለሚፈልግ ሁሉ ጠዋት በአንድ ሰዓት በጸሎት ቤቱ ይሁንና የጋራው መርሐ ግብር ሦስት ሰዓት ላይ በሜዳው ይጀመር። መክፈቻው ደግሞ እንደ አገራችን ወግ የሽማግሌዎች ምርቃት ይሁን፤ አባም፣ ቄሱም፣ ሐጂም በየተራ ይመርቁና ሁላችንም አሜን እንበል።

ሒሳብ ያዥ፣ ኅዳር 13

ሁሉም ሰው ስለሚቀርበው ነገር ሲነጋገር እኔ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውን ማንሣት ግዴታዬ ነው። ዓምና ከካናቴራው የተገኘው ትርፍ የሻይ ወጪውን ሸፍኖ፣ የተረፈው የተሰነጠቀውን ሮቶ በአዲስ ለመተካት ውሏል። ልጆቹ ዛሬ የሚጠጡት ውኃ የዚያ ካናቴራ ውኃ ነው። ደረሰኙ በእጄ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይይ። ካናቴራውን ካስቀረን ምን እንደምንተካበት ሳንወስን እንዳንነሣ እጠይቃለሁ። ካናቴራ መልበስ ደግሞ ለልጆቹ የአንድነት ስሜት የሚሰጥ ነው፤ ከሩቅ ሲታዩ ያምራሉ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ኅዳር 13

ጋሼ፣ ሒሳቡን በግልጽ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ፤ ስለ ሮቶውም እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የማወራው ከቅርብ ስላየሁት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው የምትማረው። እናቷ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድጋት፤ የዚያን ወር የቤት ኪራይ ስለተጨመረባት ካናቴራውን አልገዛችላትም። ካናቴራው ሰማያዊ ነበር። ልጅቷ ጠዋት የእናቷን ሰማያዊ ሻሽ በዩኒፎርሟ ላይ ደረቷን አዙራ በመርፌ ቁልፍ አስይዛ መጣች። ሰልፉ ሲጀመር አስተባባሪው ረድፉ እንዲያምር ብሎ ከመሃል አውጥቶ ከኋላ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ አጠገብ አቆማት። አልተሰደበችም፣ አልተባረረችም። ሻሹ ግን ሲሮጡ እየወረደባት አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው ያን ሁሉ ሰዓት የዋለችው። አስተባባሪው እኛው የማኅበሩ አባላት ነን፤ ሌላ ሰው ላይ የማላክከው ነገር አይደለም።

ዩኒፎርም እኮ አለን፤ ሁሉም ልጅ አለው፣ ከሩቅም ያምራል።

ሒሳብ ያዥ፣ ኅዳር 14

እህታችን የጻፈችውን አንብቤ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። ዕለቱን በቦታው ነበርኩ፤ ልጅቷን ግን አላየኋትም።

እንግዲያውስ እንዲህ ቢሆንስ፦ ካናቴራው ለልጆች አይሸጥ፤ ለቀድሞ ተማሪዎችና ለሚፈልጉ ወላጆች ብቻ ይሸጥ። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ልጆቻችን፣ አዲስ አበባም ያሉት፣ ለትምህርት ቤታቸው ከዋጋው አልፈው እንደሚከፍሉ እገምታለሁ። ትርፉ ያንሳል፤ ነገር ግን የሁለት በሬ ወጪ ከቀረ የሚያስፈልገንም ያንሳል። ድንኳንና ወንበር ከእድሮቻችን በውሰት እንጠይቅ። እኔ የሰፈሬን እድር ዳኛ አነጋግራለሁ። ለድፎው የሚሆነውን ዱቄት ከየቤቱ የሚመጣ እናድርገው፤ አንድ ኪሎም የያዘ አንድ ኪሎ ነው፣ ምንም ያልያዘም ይግባ። ማን ምን አመጣ የሚል መዝገብ አልይዝም።

የቀድሞ ተማሪ (ኮምቦልቻ)፣ ኅዳር 14

የቢራውን ሐሳብ አንሥቻለሁ፣ ይቅርታ። ስምንታችን ካናቴራውን እንገዛለን። ማሳተሙንም እዚህ ኮምቦልቻ በቅናሽ የሚሠራልን ካለ ዋጋ ጠይቄ እስከ ዓርብ እነግራችኋለሁ።

ሰብሳቢ፣ ኅዳር 16

ውይይቱን ተከታትያለሁ። ቀኖቹ፣ ማለትም የንባብ ሳምንቱ ከመጋቢት 14 እስከ 18፣ የቤተሰብ ቀኑ ግንቦት 8 መሆናቸው በሁሉም ዘንድ ስምምነት ያገኘ ይመስለኛል። ግንቦት 8 ከፋሲካ በኋላ ባለው የጾም በሌለበት ወቅት ውስጥ የሚውል፣ ከዒድ አል አድሓም ቀደም የሚል፣ ከሰኔው ፈተናም በበቂ የሚርቅ ነው። የበልግ ዝናብ ሊያገኘን እንደሚችል አልዘነጋሁም፤ ከሰዓት በኋላ የሚዘንብ ስለሆነ ግን ዙሁር ሳይደርስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ብንበተን ለሁሉም ይመቻል።

አንድ የአድራሻ እርማትም አለኝ። በረቂቁ ላይ ግልባጩ ለአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ይላል። እኛ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነን፤ የቆየ ደብዳቤ ተገልብጦ የመጣ ስሕተት ይመስለኛልና ይስተካከል።

ከእትዬ መምህርት ሐሳብ የአይጠየፉ ጉብኝት ላይ ጥያቄ አለኝ። አዳራሹ በዚያ ሳምንት ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አስቀድመን ሳናረጋግጥ በቀን ወስነን ባንጽፈው ይሻላል፤ «ቦታው ከተፈቀደልን» የሚል ይግባበት።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ኅዳር 18

የተስተካከለው ረቂቅ ዋና ክፍል የሚከተለው ነው።

«ማኅበራችን በ2018 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ሁለት ዝግጅቶች እንዲደረጉ ሐሳብ ያቀርባል። የመጀመሪያው ከመጋቢት 14 እስከ 18 የሚቆይ የንባብ ሳምንት ሲሆን፣ ዓላማው በ2014 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታቸው የተስተጓጎሉት የአሁኖቹ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የአንደኛ ክፍል ልጆችን በማስነበብ የራሳቸውንም ንባብ እንዲያጸኑ ማድረግ ነው። ውድድርና ሽልማት አይኖርም። ረቡዕ ዕለት ወላጆች በየክፍሉ ተገኝተው ያነባሉ፣ ማንበብ የማይችሉም ተረት ይነግራሉ። ዓርብ ዕለት፣ ቦታው ከተፈቀደልን፣ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍሎች አይጠየፍን ይጎበኛሉ። ሁለተኛው ግንቦት 8 ቀን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚደረግ የቤተሰብ ቀን ነው። ለሚሹ ቅዳሴው በአንድ ሰዓት በጸሎት ቤት ይደረጋል። ተማሪዎች በሙሉ በዩኒፎርማቸው ይሰለፋሉ። በአንድ ድንኳን ድፎ፣ ንፍሮና ቡና ይቀርባል። አቅም የሌላቸው ተማሪዎች ያለ ክፍያ ይሳተፋሉ።»

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ኅዳር 18

እጅግ አምሯል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ትውጣ። ማንም የማይከፍል ከሆነ አቅም የሌለው ማነው ብሎ የሚመዘግብ ሰው ለምን ያስፈልጋል?

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኅዳር 18

ልክ ነች፣ ትውጣ። «ማንበብ የማይችሉም ተረት ይነግራሉ» የሚለውንም «ወላጆች ያነባሉ ወይም ተረት ይነግራሉ» በሉት፤ ምርጫ እንዲሆን።

ሐጂ፣ ኅዳር 19

ሁሉም መልካም ነው። አንድ ያልተነሣ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ንፍሮው በምን ድስት ነው የሚቀቀለው? ከእድር የሚመጣው ድስት ሥጋ ሲሠራበት የኖረ ነው። የእናንተ ከሆነ ለእኛ፣ የእኛ ከሆነ ለእናንተ ይቸግራል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ያኔ ጠዋት ላይ አንድ ሰው ይህንን ሲጠይቅ ድንኳኑ እንደገና ለሁለት እንዳይከፈል ብዬ ነው።

ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ኅዳር 19

ሐጂ፣ እንኳን አነሡት። በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሁለት ትልልቅ ድስቶች አሉ፤ ለሻይ ውኃ ማፍያ የተገዙ ናቸው፣ ከተገዙም ጀምሮ ሥጋ አይተው አያውቁም። አንደኛው እጀታው ተነቅሏል፣ በሽቦ ይታሰራል። ቁልፉ በሲስተር እጅ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ኅዳር 20

የተባሉት እርማቶች ገብተዋል፣ ድስቶቹም «የትምህርት ቤቱ ሁለት የሻይ ድስቶች በውሰት» ተብለው በሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ተጽፈዋል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰብሳቢው፣ ሐጂና እትዬ መምህርት ለፊርማ በር ላይ እንድትገኙልኝ እለምናለሁ። ጋሼ ሒሳብ ያዡ እጀታውን የሚያስርበትን ሽቦ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።